ሜሪላንድ ውስጥ ለስፖርት ሽጉጥ መያዝ፦ ፈቃዱ፣ ሬንጁ፣ ወረቀቱ

የሲልቨርስፕሪንጉ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በውስጥ መስመር ስለ ሽጉጥና ስለ ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ ቦታ) የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ አንድ ቦታ ላይ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው። እኔ ኢላማ መተኮስ የምወድ ሰው ነኝ። ሽጉጥ ታጥቄ አልዞርም፣ መታጠቅም አልፈልግም። ቅዳሜ ጠዋት ሬንጅ ገብቼ ወረቀት ላይ ማነጣጠር ግን የሳምንቱን ጭንቀት ሁሉ ያወርድልኛል። እዚያ ስትቆም ሌላ ነገር ማሰብ አትችልም። ስልክ የለም፣ ወሬ የለም። ትንፋሽህ፣ ጣትህና የፊት ማነጣጠሪያው ብቻ።

የምጽፈው ስለ ሜሪላንድ ነው፣ የምኖረው እዚሁ ስለሆነ። ሌላ ስቴት ያላችሁ የራሳችሁን ጨምሩበት። ግን ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን ዜግነት ገና አልወሰድንም። እዚህ የተወለደ ሰው መቀጮ ከፍሎ ወይም ትንሽ ታስሮ የሚወጣበት የሽጉጥ ጥፋት ግሪን ካርድ የያዘውን ሰው ከአገር ሊያስባርረው ይችላል። የኢሚግሬሽን ሕጉ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ሕግ ተላልፎ መሣሪያ መግዛት፣ መሸጥ፣ መያዝ፣ ይዞ መሄድ፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ ተዘርዝሯል። ስለዚህ ይሄ ስፖርት ለኛ ከኢላማው በፊት የወረቀት ጉዳይ ነው። ወረቀቱን ሳያጠራ ሽጉጥ የሚገዛ ሐበሻ ሳይ በእውነት እደነግጣለሁ።

ወደ ፈቃዱ ልምጣ። ሜሪላንድ ውስጥ ሽጉጥ ለመግዛት መጀመሪያ ኤችኪውኤል የሚባለውን ፈቃድ ማውጣት አለብህ። ከሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ግድያ በኋላ የወጣ ሕግ ነው፣ ከኦክቶበር 1 ቀን 2013 ጀምሮ ይሠራል። ዕድሜህ 21 መሙላት አለበት። አሻራ ትሰጣለህ። ቢያንስ አራት ሰዓት የሚፈጅ ትምህርት ትወስዳለህ፣ በትምህርቱ ላይም ቢያንስ አንድ እውነተኛ ጥይት መተኮስ አለብህ። ከዚያ ለስቴቱ ፖሊስ በኦንላይን ታመለክታለህ። ክፍያው 50 ዶላር ነው፣ ቢከለክሉህም አይመለስም። የአሻራውና የትምህርቱ ዋጋ ከዚህ ውጭ ነው። መልሱ እስከ 30 ቀን ሊወስድ ይችላል። አንዴ ካገኘኸው 10 ዓመት ያገለግላል።

ይሄ ሕግ ፍርድ ቤት ቀርቦ ብዙ ተንገላቷል። በ2023 መጨረሻ ላይ ከሦስት የይግባኝ ዳኞች ሁለቱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ነበር፣ በኦገስት 2024 ደግሞ የዚያው ፍርድ ቤት ሙሉ ችሎት አጸናው። «ቀርቷል እኮ» የሚላችሁን ሰው አትስሙ።

ፈቃዱን አገኘህ ማለት በማግስቱ ሽጉጥ ይዘህ ትወጣለህ ማለት አይደለም። ሱቅ ሄደህ 77አር የሚባለውን የስቴቱን ማመልከቻና 4473 የሚባለውን የፌዴራል ቅጽ ትሞላለህ፣ ሰባት ቀን ትጠብቃለህ። በ30 ቀን ውስጥ ከአንድ በላይ አይሸጥልህም። ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና እዚህ አይሸጥም። ሽጉጡ ራሱም ስቴቱ ካጸደቀው ዝርዝር ውስጥ መሆን አለበት።

4473ን ስትሞሉ እባካችሁ አንብቡት። ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ መሣሪያውን የምትገዛው ለራስህ ነው ወይ የሚል ነው። ገንዘቡን ሌላ ሰው ሰጥቶህ ለሱ መግዛት ከባድ የፌዴራል ወንጀል ነው፣ በ2022 በወጣው ሕግ እስከ 15 ዓመት ያሳስራል። በኛ ባህል «አንተ ወረቀት አለህ፣ ግዛልኝ» ማለት ቀላል ነገር ነው። መኪና እንደዚያ እንገዛዛለን፣ ቤት እንከራይላለን። ሽጉጥ ላይ ግን ዝምድና ብሎ ነገር የለም።

ቀጥዬ የምለው ቅር የሚለው ሰው ይኖራል። ቅጹ ላይ የተከለከለ ዕፅ ተጠቃሚ ነህ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ማሪዋና ሜሪላንድ ውስጥ ለአዋቂ ቢፈቀድም ለፌዴራሉ ሕግ ያው የተከለከለ ነው፣ ቅጹ ራሱ ይህንን በማስጠንቀቂያ ጽፎታል። ጫትም እንደዚያው ነው። እርጥብ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከጥብቆቹ ዕፆች ዝርዝር ውስጥ ነው። ቅዳሜና እሁድ በርጫ የሚቀመጥ ሰው «አይ» ብሎ ፈርሞ ከገዛ በፌዴራል ቅጽ ላይ ውሸት ፈርሟል ማለት ነው። አገር ቤት የተለመደ ነገር ስለሆነ ማንም አያስበውም። ወይ አንዱን ወይ ሌላውን ምረጡ።

አሁን ወደ ሚጣፍጠው ልግባ።

ሬንጅ መጀመሪያ ስትሄድ ሽጉጥ አትግዛ፣ ተከራይ። ብዙ ሬንጆች የሚከራይ አላቸው። በ22 ካሊበር ጀምር። ድምፁ ትንሽ ነው፣ አይገፋህም፣ ጥይቱም ርካሽ ነው። ሰው ሁሉ ግሎክ 19 ወይም ሌላ 9 ሚሊሜትር ካልያዘ ተኮሰ አይመስለውም፣ ግን መጥፎ ልማድ የሚገባው በዚያ ነው። እጁ ሽጉጡን መፍራት ይለምዳል። በቀኝ እጅህ የምትተኩስ ሰው ከሆንክና ጥይቶችህ ሁሉ ከኢላማው ዝቅ ብለው ወደ ግራ እየሄዱ ከሆነ ጥፋቱ ከሽጉጡ አይደለም። ጥይቱ ከመውጣቱ በፊት ግፊቱን ፈርተህ አፈሙዙን ወደ ታች ትጫናለህ፣ ምላጩንም ትነጥቃለህ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ጓደኛህ ካዝናውን ሳታየው ይሙላልህ፣ መሐል መሐል ላይ የማይተኮስ የልምምድ ጥይት ያስገባበት። ምላጩን ስትስብ ምንም ሳይወጣ አፈሙዙ ወደ ታች ድርግም ሲል ራስህ ታየዋለህ። ከዚያ ወዲህ ማንም መካሪ አያስፈልግህም።

ኢላማውን በሰባት ያርድ አድርገው። ዓይንህን የፊት ማነጣጠሪያው ላይ አድርግ፣ ኢላማው ትንሽ ይደብዝዝ። ምላጩን በቀስታ ሳበው፣ መቼ እንደሚተኮስ ራስህ ሳታውቀው ይተኮስ። በቤት ውስጥ ሬንጅ ጆሮህን ሁለት ጊዜ ሸፍን፣ ውስጥ በስፖንጁ፣ ከላይ በማፈኛው። የ9 ሚሊሜትር ድምፅ ወደ 160 ዴሲብል ይደርሳል፣ የተጎዳ ጆሮ ደግሞ አይመለስም።

ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።

አሌክሳንድሪያ_ነኝ፦

ጥሩ ጽሑፍ ነው ወንድሜ። ወንዙን ተሻግሮ ያለውን እኔ ልጨምር። ቨርጂኒያ ሽጉጥ ለመግዛት እንደናንተ ቀድሞ የሚወጣ ፈቃድ የለም። ሱቁ ባክግራውንድ ቼክ (የወንጀል ታሪክ ማጣሪያ) ያደርጋል፣ ካለፍክ ትወስዳለህ። በ2020 ግን ከግለሰብ ስትገዛም ባክግራውንድ ቼክ ግዴታ የሚያደርግ ሕግ ወጥቷል፣ በ30 ቀን አንድ ሽጉጥ የሚለው ገደብም ያኔ ተመልሷል። ደብቆ ለመያዝ የሚሆነው ፈቃድ የሚወጣው ከምትኖርበት ካውንቲ ሰርኪዩት ኮርት ነው። ክፍያው ከ50 ዶላር አይበልጥም፣ ፍርድ ቤቱ 45 ቀን አለው፣ ለአምስት ዓመት ይሠራል። ትምህርቱን ድሮ ኢንተርኔት ላይ ጨርሰው ያመጡ ነበር፣ ያ ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ አይቻልም። አሁን በአካል ነው።

የሜሪላንድ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። የኛ ጋ ቀላል ነው ብላችሁ መጥታችሁ ሽጉጥ ገዝታችሁ መመለስ አትችሉም። በፌዴራል ሕግ ሽጉጥ የሚገዛው በምትኖርበት ስቴት ነው። እዚህ የወደድከው ካለ ሱቁ አንተ ጋ ወዳለ ሱቅ ይልከዋል፣ የቀረውን እዚያ ትጨርሳለህ።

ለመተኮስ ግን ኑ። ፌርፋክስ የሚገኘው የኤንአርኤ (የአሜሪካ የመሣሪያ ባለቤቶች ማኅበር) ዋና መሥሪያ ቤት ሬንጅ ለሕዝብ ክፍት ነው። አባል መሆን የለብህም። 15 መስመር አለው፣ ርቀቱ እስከ 50 ያርድ ይሄዳል። መጀመሪያ ስትመጣ የደህንነት ደንቡን አስተምረው በጽሑፍ ይፈትኑሃል። ድርጅቱን በፖለቲካው የማይወድ ሰው ብዙ ነው፣ ይገባኛል። ሬንጁ ግን ሥርዓት ያለው ነው።

የሲልቨርስፕሪንጉ፦

አሌክሳንድሪያ እናመሰግናለን። ስለ መንገዱም ልናገር። ከሜሪላንድ ቨርጂኒያ ሬንጅ ስትሄዱ ሽጉጡ ባዶ ይሁን፣ በሳጥን ተቆልፎ መኪናው ኋላ ይግባ፣ ጥይቱ ለብቻው ይቀመጥ። በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ። በሁለቱም ጫፍ መሣሪያው የተፈቀደልህ ከሆነ በመሐል ያለውን ስቴት ወይም ዲሲን አቋርጠህ እንድታልፍ ይፈቅዳል። ማለፍ ነው ያለው። ከሬንጅ ስትመለሱ ዲሲ ናይንዝ ስትሪት ላይ ለጥብስ ቆም ልበል ካላችሁ ማለፍ መሆኑ ያበቃል። ዲሲ ውስጥ ያልተመዘገበ ሽጉጥ ይዞ መገኘት ወንጀል ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 ሄለር በሚባለው ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ሽጉጥ መያዝን ለዲሲ ነዋሪ ፈቀደ እንጂ ምዝገባውን አላነሳም።

በቤልትዌይ (በቀለበት መንገዱ) ሂዱ። በአሜሪካን ሊጅን ድልድይ በኩል ከሜሪላንድ ቀጥታ ቨርጂኒያ ነው የምትገቡት። የውድሮ ዊልሰን ድልድይ ደግሞ መሐሉ ላይ ትንሽ የዲሲን ጫፍ ይነካል፣ ብዙ ሰው አያውቀውም።

የመርዓዊው፦

እኔ ያደግሁት ጎጃም ነው። አባቴ ምንሽር ነበረው። ሲወለውለው አጠገቡ ቁጭ ብዬ ቅባቱን የማቀብለው እኔ ነበርኩ። መሣሪያ የቤተሰብ ክብር ነው የኛ አገር፣ የሰው ልጅ ሲያድግ የሚወርሰው። አራት ሰዓት ክፍል ተቀምጦ «አፈሙዙን ወደ ሰው አታዙር» መባል ለኔ ዓይነቱ ሰው ምን ይጨምራል? ይሄንን እኮ በአምስት ዓመታችን ነው የተማርነው። በቁጣ አይደለም የምጠይቀው፣ እንዲገባኝ ነው። ደግሞስ የሚባርቅበት ሰው ማን ነው? ያልለመደ እኮ ነው።

የሲልቨርስፕሪንጉ፦

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን አከብራለሁ። የአባትዎ ትምህርት ከብዙ ክፍል ይበልጣል። ግን ጠመንጃና ሽጉጥ ለየቅል ነው። ምንሽር ረጅም ነው፣ አፈሙዙ የት እንዳለ ሁልጊዜ ይታያል። ሽጉጥ በእጅ አንጓ ትንሽ መታጠፍ ብቻ ጎንዎ ያለውን ሰው ያነጣጥርበታል። ሌላው ነገር ካዝናው ነው። ካዝናውን ካወጡ በኋላ አንድ ጥይት ውስጥ እንደጎረሰ ሊቀር ይችላል። ባዶ ነው ብሎ ምላጭ ስቦ የባረቀበት ሰው አብዛኛው እንዲህ ነው፣ የለመደውም ጭምር። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ የሚደጋግሙት ካዝናውን አውጣ፣ ስላይዱን (የሽጉጡን የላይኛውን ተንሸራታች ክፍል) ወደ ኋላ ጎትተህ ቆልፈው፣ በዓይንህ እይ፣ በጣትህ ዳስስ የሚለውን ነው። እርስዎ የሚያውቁትን አይነካብዎትም፣ ይጨምርልዎታል እንጂ።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንዎ። ወጣቶቹ እርስዎን ይሰማሉ። አገር ቤት በሰርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ መተኮስ አለ። እዚህም በአዲስ ዓመት ሌሊት የሚያደርጉት አሉ። የወጣ ጥይት ይመለሳል፣ ሲመለስ ሰው ይገድላል። እርስዎ ቢነግሯቸው ከኔ ይልቅ ይገባቸዋል።

የመርዓዊው፦

ይሄኛው እውነት ነው። መንደራችን ውስጥ በለቅሶ ላይ የተተኮሰ ጥይት ሴት ልጅ አቁስሏል፣ በዓይኔ ያየሁት ነው። እነግራቸዋለሁ። የካዝናውን ነገር ያልከውንም ተቀብያለሁ ልጄ። ጠመንጃው ካዝና አልነበረውም የኛ፣ አምስት ጥይት ከላይ ነበር የሚጎርሰው።

ዳላስ_ቴክሳስ፦

ወገኖች፣ እናንተ ከተማ መኖር ያደክማል። እዚህ ቴክሳስ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላውና በሕግ ያልተከለከለ ሰው ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝ ይችላል። ሱቅ ገብተህ ቼክ ካለፍክ ገዝተህ ትወጣለህ። እኔ ነዳጅ ማደያ ነው የምሠራው፣ ሌሊት። ሽጉጥ ለኔ ስፖርት አይደለም፣ ነፍሴ ናት። አንድ ድሃ ሰው ለአሻራ ከፍሎ፣ ለክፍል ከፍሎ፣ ወር ጠብቆ፣ ሌባው ግን ምንም ሳይጠብቅ። ይሄ ፍትሕ ነው ትላላችሁ?

የሲልቨርስፕሪንጉ፦

ወንድሜ፣ የሌሊት ሥራ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ እግዚአብሔር ይጠብቅህ። ስለ ወጪው ያልከው ትክክል ነው። አሻራውም ክፍሉም ሲደመር ለደሞዝተኛ ቀላል አይደለም፣ ይሄንን ሜሪላንድ ማስተካከል ነበረባት። ግን ትምህርቱ ራሱ ትርፍ ነው በሚለው አልስማማም። ሬንጅ ውስጥ ሰው ሲገዛ አያለሁ፣ ሽጉጡን በሳጥን እንደያዘ መጥቶ ካዝናውን በተቃራኒው ሊያስገባ የሚታገል አለ። ያ ሰው በሌሊት በፍርሃት እጁ እየተንቀጠቀጠ ምን ያደርጋል? ፈቃድ አያስፈልግም ማለት ልምምድ አያስፈልግም ማለት አይደለም። አንተ ሬንጅ ትሄዳለህ?

ዳላስ_ቴክሳስ፦

እሄዳለሁ፣ ወር በገባ። ያልተለማመደ ሰው ባይይዝ ይሻላል በሚለው እስማማለሁ። በመንግሥት ግዴታ ይሁን በሚለው ግን አልስማማም። የፈቃዱን ካርድ ግን እኔም አውጥቻለሁ፣ ወደ ሌላ ስቴት ስነዳ የሚቀበሉት ስላሉ። ባያስገድዱህም አውጡት ብዬ ነው የምመክረው።

ሲስተር_ኤም፦

እኔ ነርስ ነኝ፣ ድንገተኛ ክፍል። ስለ ስፖርቱ ምንም አልልም፣ ሰው የሚወደውን ይሥራ። ግን ይሄ ክር ውስጥ ማንም ያላነሳው ነገር አለና ላንሳው። አሜሪካ ውስጥ በጥይት ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ራሱን ያጠፋ ነው። ሌባ አይደለም፣ የሌሊት ወንበዴ አይደለም። እኛ ደግሞ ይሄንን በስሙ አንጠራውም። «ታሞ ነበር»፣ «ድንገት ነው» ብለን እንቀብራለን። ብቻውን የሚኖር፣ ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ትዳሩ የፈረሰበት፣ አገር ቤት ቤተሰቡ የጦርነት ወሬ ውስጥ ያለበት ወንድም መኝታው አጠገብ የጎረሰ ሽጉጥ ሲኖረው እፈራለታለሁ። መጥፎው ሰዓት ያልፋል። ሽጉጥ ግን ያችን ሰዓት አይጠብቅም። በክኒን ሞክሮ የዳነ ሰው ብዙ አክሜያለሁ። በሽጉጥ ሞክሮ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ወንድም ወይም ባል ሐሳቡ ከከበደው ሽጉጡን ለጊዜው ከቤት አውጡት። የሚያምናችሁ ሰው ከሆነ ጠይቁት፣ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። እንዴትና ለማን እንደሚሰጥ የስቴቱን ሕግ ጠይቃችሁ አድርጉት። እምቢ ካለ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ፍርድ ቤት ቀርቦ ለጊዜው እንዲነሳ ማድረግ የሚቻልበት ሕግ አላቸው፣ ሜሪላንድ ከኦክቶበር 2018፣ ቨርጂኒያ ከ2020 ጀምሮ። ለራሳችሁ ከሆነ 988 ደውሉ፣ ሌሊትም ይነሳል።

ስለ ልጆች ደግሞ። ቁም ሣጥን ላይ፣ ፍራሽ ሥር፣ የነጠላ ማስቀመጫ ውስጥ የተደበቀ ሽጉጥ አልተደበቀም። ልጅ የከረሜላውን ቦታ የሚያገኝ ከሆነ ይሄንንም ያገኘዋል።

የሲልቨርስፕሪንጉ፦

ሲስተር፣ ይሄንን ስለጻፍሽው አመሰግናለሁ። ከጻፍኩት ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው። አንድ ነገር ልጨምርበት። ብዙ ሬንጆች ብቻውን ለመጣ አዲስ ሰው ሽጉጥ አያከራዩም። ወይ ጓደኛ ይዘህ ና ይላሉ፣ ወይ የራስህ ሽጉጥ ይኑርህ ይላሉ። ሰው ይናደዳል፣ በቀለሜ ነው የሚልም አለ። ምክንያቱ ግን ሲስተር ያለችው ነው። ተከራይቶ እዚያው ራሱን የሚያጠፋ ሰው ስላጋጠማቸው ነው። ከከለከሉህ አትቆጣ፣ ጓደኛህን ይዘህ ተመለስ።

ስለ ማስቀመጫውም ሕጉ ጠብቋል። ሜሪላንድ ውስጥ ከኦክቶበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ጥይት ያለበት ሽጉጥ መተው ወንጀል ነው። ድሮ ከ16 በታች ነበር። ሽጉጡን ስትገዛ የሚሰጡህ የገመድ ቁልፍ ለመጀመሪያው ቀን ይሆናል። ከዚያ ግን ግድግዳ ወይም ወለል ላይ በብሎን የሚታሰር ትንሽ የብረት ሳጥን ግዛ። ያልታሰረ ሳጥን ሌባው ከነሽጉጡ ይዞት ይሄዳል። ጥይቱን ሌላ ቦታ ቆልፍ።

ሕሊና_ቢ፦

እኔ ጀማሪ ነኝ፣ ሴት ነኝ፣ አንድ ልምዴን ልናገር። መጀመሪያ የወሰደኝ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። ትልቅ ሽጉጥ አስያዘኝ፣ ሳይነግረኝም ቆሞ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲያ ለረጅም ጊዜ ጠላሁት። በኋላ የሴቶች ምሽት ያለው ሬንጅ አገኘሁ፣ አስተማሪዋ ሴት ናት፣ በ22 ጀመርኩ። ሌላ ዓለም ነው። እህቶቼ፣ ባላችሁም ሆነ ወንድማችሁ ሊያስተምራችሁ ቢል መጀመሪያ ለብቻችሁ ከማታውቁት አስተማሪ ጋር ተማሩ። የቤት ጭቅጭቅ ሽጉጥ ባለበት ቦታ መግባት የለበትም።

ስለ ልብስ ደግሞ ማንም አልነገረኝም ነበር። አንገቱ ክፍት የሆነ ሹራብ አትልበሱ። ከሽጉጡ የሚወረወረው ቀልሃ እሳት ነው። ጎኔ የነበረች ልጅ አንገትዋ ውስጥ ገብቶባት፣ ልታወጣው ስትወራጭ ሽጉጡን ይዛ ዞራለች። ምላጩ ላይ ጣትዋ አልነበረም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የሬንጁ ሰውዬ ክንድዋን ይዞ አፈሙዙን ወደ ፊት መለሰው፣ ሁላችንም ቆምን። አንገት የሚይዝ ቲሸርት ልበሱ፣ ኮፍያ አድርጉ። ቀልሃ ቢገባ እንኳ መጀመሪያ ሽጉጡን መደርደሪያው ላይ አስቀምጡ፣ ከዚያ ተወራጩ። ቃጠሎ ይድናል።

የሲልቨርስፕሪንጉ፦

ሕሊና በጣም ጥሩ። ሁላችሁም ይሄንን ለሚመጣው ሰው ንገሩ። ለዚህ ነው ጣት ምላጭ ውስጥ የሚገባው ኢላማው ላይ ካነጣጠርክ በኋላ ብቻ ነው የሚባለው። ጣትሽ ውጭ ከሆነ ብትደነግጪም አይተኮስም።

ስለ እርሳስም ልበል፣ ልጅ ላላችሁ። በጥይቱና በመለኮሻው ውስጥ እርሳስ አለ። በቤት ውስጥ ሬንጅ አየሩ ላይ፣ እጅህ ላይ፣ ልብስህ ላይ ይቀራል። ስትጨርስ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ታጠብ። ሳትታጠብ ምግብ አትንካ፣ ፊትህን አታሽ። ልብሱን ለብቻው እጠብ፣ ጫማህን ውጭ አውልቅ። ሕፃን ልጅህን ከማቀፍህ በፊት ይሄንን አድርግ። እርሳስ ለትንንሽ ልጆች አንጎል መርዝ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ደግሞ ሬንጅ ባትገባ ይሻላል።

ኡበር_ሾፌር፦

እኔ የሬንጅ ቦርሳዬ መኪናዬ ውስጥ ነው የሚውለው። ኡበር እየሠራሁ ችግር አለው?

የሲልቨርስፕሪንጉ፦

አለው፣ ሁለት ችግር። ኡበር ሾፌርም ሆነ ተሳፋሪ መሣሪያ ይዞ እንዳይገኝ ይከለክላል፣ ካወቁብህ ሥራህን ታጣለህ። ሁለተኛው ይብሳል። የሜሪላንድ ሕግ ባዶ ሽጉጥ በተዘጋ ሳጥን ይዘህ ከቤትህ ወደ ሬንጅና ከሬንጅ ወደ ቤት መጓዝ ነው የሚፈቅድልህ። ቀኑን ሙሉ ሰው እየጫንክ ስትዞር ይህ ጉዞ አይደለም። አንዱ ዲሲ አድርሰኝ ሲልህ ደግሞ ያልተመዘገበ ሽጉጥ ይዘህ ዲሲ ገባህ። ቤትህ አድርሰህ ቆልፍ፣ ከዚያ አፑን ክፈት።

ሌላው ለሁላችሁም። ወደ አገር ቤት የምትበሩ ሰዎች የሬንጅ ቦርሳችሁን ለጉዞ አትጠቀሙ። ከኪስ ሥር የቀረች አንዲት ጥይት የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያም ሆነ ቦሌ ላይ ችግር ናት። ኢትዮጵያም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አላት። ያለ ፈቃድ ጥይት ማስገባት ወንጀል ነው። «ረስቼው ነው» ብሎ ማስረዳት ያለብህ ለፖሊስ ይሆናል።

ፍራንክፈርት_ዮ፦

ከዚህ ከጀርመን ስታዩት የሜሪላንድ ሕግ ልቅ ነው። እኔ የስፖርት ተኳሽ ማኅበር አባል ነኝ። እዚህ ሽጉጥ መግዛት ከመፈለግህ በፊት ማኅበር ገብተህ ቢያንስ 12 ወር አዘውትረህ መተኮስ አለብህ። ዓመቱን በሙሉ በየወሩ አንዴ፣ ካልሆነም በዓመቱ ውስጥ 18 ጊዜ። እየተመዘገበ ነው። ከዚያ የዕውቀት ፈተና አለ። ማኅበሩ ለስፖርት ያስፈልገዋል ብሎ ይጽፍልሃል፣ ከ25 ዓመት በታች ከሆንክ የሥነ ልቦና ምርመራም አለ። ብረት ሳጥኑ ደረጃ የወጣለት ከባድ ሳጥን መሆን አለበት፣ ባለሥልጣኑም ቤትህ መጥቶ ማየት ይችላል። ለራስ መከላከያ ብለህ ብታመለክት በጭራሽ አታገኝም ማለት ይቻላል።

ግን ልንገራችሁ፣ አንድ ዓመት መጠበቁን ወድጄዋለሁ። ከማኅበሩ ሽማግሌዎች ጋር ቡና እየጠጣህ ትማራለህ። ጀርመንኛዬም እዚያ ነው የተስተካከለው። እኔ የምተኩሰው የአየር ሽጉጥ ነው አሁን በብዛት፣ 10 ሜትር። በፓሪስ ኦሊምፒክ በ2024 ያ ቱርካዊ ዩሱፍ ዲኬች እጁን ኪሱ ከትቶ ብር ሜዳሊያ ያገኘበት ስፖርት ነው። ድምፅ የለም፣ ግፊት የለም፣ ስህተትህን የምትደብቅበት ነገር የለም።

ቤተሰብ_ጋይተርስበርግ፦

ጥያቄ አለኝ። አጎቴ ከአዲስ አበባ ለጉብኝት መጥቷል። ድሮ ወታደር ነበር። ሬንጅ ልውሰደው አስቤያለሁ፣ በጣም ደስ ይለዋል። መታወቂያ ይጠይቁታል ወይ?

የሲልቨርስፕሪንጉ፦

አትውሰደው። መታወቂያ መጠየቁ አይደለም ጉዳዩ። በቱሪስት ወይም በተማሪ ቪዛ የገባ ሰው በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መያዝ አይፈቀድለትም። መያዝ ማለት መግዛት ብቻ አይደለም፣ ሬንጅ ውስጥ ተከራይቶ እጁ ላይ ማድረጉም መያዝ ነው። ልዩ ሁኔታዎች አሉ፣ ለምሳሌ ከአንዱ ስቴት የወጣ የጸና የአደን ፈቃድ ያለው ሰው። እሱ ከሌለው አጎትህ አንድ ጥይት ቢተኩስ ለሱም ለአንተም ችግር ነው። አውቀህ ስላስያዝከው ማለቴ ነው። አንዳንድ ሬንጅ ይሄንን አይጠይቅም፣ ስላልጠየቁ ግን ተፈቀደ ማለት አይደለም። የጥገኝነት ጉዳያቸው ያልተወሰነ ሰዎችም ጠበቃ ሳይጠይቁ ሬንጅ አይግቡ።

ቤተሰብ_ጋይተርስበርግ፦

ወይ ጉድ፣ ነገ ነበር ልወስደው ያሰብኩት። ታዲያ ምን ላድርግለት? ነገሩን በጣም ይወዳል።

የሲልቨርስፕሪንጉ፦

ፍራንክፈርት ያለው የአየር ሽጉጥ አለልህ። በፌዴራል ሕግ እንደ ጦር መሣሪያ አይቆጠርም፣ ምክንያቱም ጥይቱን የሚገፋው ባሩድ አይደለም። የካውንቲህን ሕግ ግን መጀመሪያ እይ፣ ጓሮ ውስጥ መተኮስ የሚከለክሉ አሉ። የአየር ሽጉጥ የሚያስተኩስ ክለብ ካገኘህ ደውለህ በቪዛ የመጣ እንግዳ እንዳለህ ንገራቸው። የድሮ ወታደር ከሆነ በ10 ሜትር ላይ ከአንተ ሳይሻል አይቀርም።

ፍራንክፈርት_ዮ፦

የወረቀት ኢላማዎቹን ኢንተርኔት ላይ ታገኛቸዋለህ፣ የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ኢላማ በል። ከኋላው ጥይቱን የሚይዝ የብረት ሳጥን ግዛ። መነጽር ለሁለታችሁም፣ ትንሹ ጥይት ብረት ላይ ነጥሮ ይመለሳል።